የእሳት ዕዳ ከፋዩ ማን ነው?

ከከሚሴ ተነሥቶ የጨፋን ሜዳ እያየ ወደ ኮምቦልቻ የሚጓዝ መንገደኛ በሐርቡ አካባቢ በጎዳናው ዳር ቆመው ገዢ የሚጠብቁትን የከሰል ጆንያዎች ሳያይ አያልፍም። የጆንያዎቹ አፍ በቅጠል ተወትፎ በገመድ ታስሯል፤ በአጠገባቸውም አንድ ልጅ ወይም አንዲት ሴት ከግራር ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። መኪና ይቆማል፤ መስተዋቱ ዝቅ ይላል፤ ዋጋ ይጠየቃል፤ ክርክር ይደረጋል፤ ጆንያው ከኋላ ይጫናል፤ መኪናውም ይሄዳል። የመኪናው ጌታ ማን እንደ ሆነ እንጠይቅ ዘንድ ይፈቀድልን። አንዳንድ ጊዜ ነጋዴ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ መምህር ነው፤ አንዳንድ ጊዜም የመሥሪያ ቤት ሰው ነው። ይኸው ሰው በማግሥቱ ስብሰባ ላይ ተቀምጦ «ደናችንን የጨረሰው ከሰል አክሳዩ ነው» ብሎ ሲናገር እንሰማዋለን፤ እኛም እናጨበጭብለታለን። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው።

ይህን ስንጽፍ ራሳችንን ከመኪናው አውርደን፣ እጃችንን ታጥበን አይደለም። የእኛም ቡና ከአቦል እስከ በረካ የሚፈላው በዚያው ከሰል ነው። የምንከራከረው ከሰው ጋር ሳይሆን ከአንድ አስተሳሰብ ጋር ነው፤ እርሱም «ቆሻሻው እሳት የድኻው ነው፤ ንጹሑ እሳት የሠለጠነው ሰው ነው» የሚለው ነው። እኛ ግን በምድር ላይ ዕዳ የሌለበት እሳት የለም እንላለን። እንጨትም ቢሆን፣ ወራጅ ውሃም ቢሆን፣ ነዳጅም ቢሆን፣ ነፋስም ቢሆን ዋጋውን ከአንድ ስፍራ ይወስዳል። ልዩነቱ በዕዳው መጠንና በከፋዩ ማንነት ነው። በዕውቀት የሚመራ ሕዝብ ዕዳውን በግልጽ ይመዘግባል፤ ከዕዳዎቹ ቀላሉን ይመርጣል፤ የተጠቀመውም ሰው ራሱ እንዲከፍል ያደርጋል። እስከ ዛሬ የምናየው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሙቀቱን አንዱ ይወስዳል፤ ዕዳውን ሌላው ይከፍላል።

እንግዲህ ሒሳቡን ከሐርቡ እንጀምር። ሐርቡ በደቡብ ወሎ፣ በቃሉ ወረዳ፣ በቦርከና ሸለቆ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። ከደሴ በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ የወረደው አውራ ጎዳና በርሷ በኩል አልፎ ወደ አዲስ አበባ ይቀጥላል። ወደ ኮምቦልቻ ሲመለከቱ የጎፍ ተራራ ከነደኑ ይታያል፤ ወደ ታች ሲመለከቱ ቦርከና ወደ ጨፋ ይወርዳል፤ በመጨረሻም ውሃው ከአዋሽ ይቀላቀላል። የደጋው ሰውና የቆላው ሰው በገበያዋ ይገናኛሉ። ስለዚህ የማገዶን ነገር ለመመርመር ከሐርቡ የተሻለ ስፍራ ማግኘት ያስቸግራል፤ የሚሸጠውም፣ የሚገዛውም፣ የሚጎዳውም በአንድ ዐይን ይታያልና።

ከሰል እንዴት እንደሚወጣ የማያውቅ የከተማ ሰው ብዙ ነው። እንጨቱ ተቆርጦ ይከመራል፤ በሣርና በቅጠል ይሸፈናል፤ በላዩ አፈር ይለበጣል፤ ከዚያም አየር እንደ ልብ እንዳይገባው ተደርጎ ውስጥ ውስጡን ለቀናት ይጨሳል። በዚህ በልማዳዊው አሠራር ከ100 ኪሎ እንጨት የሚገኘው ከሰል ከ10 እስከ 20 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። በእንጨቱ ውስጥ ከነበረውም ኃይል ከግማሽ የሚበልጠው ጭስ ሆኖ በዚያው በጫካው ይቀራል። እንግዲህ አንድ ጆንያ ከሰል ገዝቶ የሄደ ሰው የወሰደው አንድ ጆንያ ብቻ አይደለም፤ ክብደቱ የዚያን አምስት ወይም ዐሥር እጥፍ የሆነ እንጨት ተቃጥሎለታል። ከተማው ከሰልን የሚወደው ጭስ የለውም በማለት ነው። ጭሱ ግን ጠፍቶ አይደለም፤ ለአክሳዩና ለልጆቹ ተትቶላቸው ነው።

ከሰል አክሳዩም ዛፍ መጣል ደስታው ሆኖ አይጥልም። ግራር በአንድ ክረምት አያድግም፤ ይህንም ከእኛ ይልቅ እርሱ ያውቀዋል። ነገር ግን ዝናም ሲቀር ማሽላው ይደርቃል፤ ማሽላው ሲደርቅ ከብቱ ይሸጣል፤ ከብቱ ካለቀ በኋላ የሚሸጥ ነገር ሆኖ የሚቀረው በዳገቱ ላይ የቆመው ዛፍ ነው። ከሰል የቸገረው ሰው የመጨረሻ ሰብል ነው። ይህን ሰብል የሚያበቅለው የእርሱ ችግር ብቻ እንዳይመስለን፤ የእኛ ምድጃም ነው። ገዢ ከሌለ ሻጭ የለምና።

ከዳገቱ ዛፉ ከተነሣ በኋላ ሁለተኛው ዕዳ ይጀምራል። የክረምቱ ዝናም የሚያርፍበት ቅጠል፣ የሚይዘው ሥር ያጣል፤ አፈሩን ተሸክሞ ወደ ቦርከና ይወርዳል። ምንጩ በበጋ ይሳሳል፤ ወንዙ በክረምት ይደፈርሳል። ማገዶ ፈላጊዋም ሴት ትናንት በአንድ ሰዓት ታገኘው የነበረውን ሸክም ዛሬ ግማሽ ቀን ሄዳ ታመጣዋለች። ወደ ደሴ ደጋ ስንወጣ ደግሞ እንጨቱ በሳሳበት ስፍራ ኩበት ይነዳል። ኩበት ማለት ወደ እርሻው መመለስ የነበረበት ፍግ ነው። ገበሬው ፍጉን አንድዶ፣ በምትኩ ከባሕር ማዶ የመጣ ማዳበሪያ በብድር ይገዛል። ምድጃው ከማሳው አፍ ነጥቆ ይበላል ማለት ነው።

ሦስተኛው ዕዳ በቤት ውስጥ ይከፈላል። በአብዛኛው የአገራችን ቤት ከሚነደው ማገዶ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው የእንጀራ መጋገር ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ የተጣደ ምጣድ ሙቀቱን በየአቅጣጫው ይበትናል፤ ጭሱንም ጋጋሪዋ ትጠጣለች፤ በጀርባዋ የታዘለው ሕፃንም አብሮ ይጠጣል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ዓመተ ምሕረት በመላው ዓለም 3 ነጥብ 2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት እንደ ሞቱ ገምቷል። ይህ ቁጥር ከብዙ ጦርነት ሬሳ ይበልጣል፤ ሆኖም ነጋሪት አይጎሰምለትም። እናቶቻችን ዐይናቸው የቀላው በልቅሶ ብቻ አይደለም።

እስከዚህ ድረስ የሚያነብ ሰው «እንግዲያው ገበሬው የዛፍ ጠላት መሆኑን ራሳችሁ መሰከራችሁ» ይለን ይሆናል። አልመሰከርንም። ዶናልድ ክራሚ የተባሉ የኢትዮጵያን ታሪክ ያጠኑ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1937 በወሎ የተነሡ ፎቶግራፎችን ይዘው፣ ከ60 ዓመት በኋላ በነዚያው ስፍራዎች ቆመው አነጻጽረው ነበር። ዛፉ አንሶ ያገኙታል ተብሎ ሲጠበቅ፣ በብዙው ስፍራ በዝቶ አገኙት። የበዛውም በአብዛኛው ገበሬው ራሱ በደጁና በማሳው ዳር የተከለው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍም የራሱ ዕዳ እንዳለው፣ ውሃና አፈር እንደሚሻማ እናውቃለን። ነገር ግን ገበሬው የራሱ ነው ባለው መሬት ላይ ዛፍ እንደሚተክል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከወዴት ይመጣል?

በአንጻሩ ደግሞ በወሎ ኮረብቶች ላይ በዘመቻና በትእዛዝ ከተተከሉት ደኖች ብዙዎቹ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት በተለወጠ ጊዜ በአጭር ጊዜ ተመነጠሩ። በአንድ ወገን የራሱን ዛፍ በትዕግሥት የሚያሳድግ፣ በሌላ ወገን የትእዛዙን ደን በጥቂት ሳምንት የሚጥል አንድ ሰው ነው። የተለየው የሰውየው ጠባይ ሳይሆን የዛፉ ባለቤትነት ነው። ይህን ያልተረዳ አዋጅ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ያለ ፈቃድ የሚዘዋወረውን የደን ውጤት የሚቆጣጠር ሕግ ነው፤ ሕጉን አንነቅፍም። ነገር ግን ሕግ በኬላ ላይ ጆንያ ይወርሳል እንጂ በምድጃ ላይ እንጀራ አይጋግርም። የተወረሰው ጆንያ ስፍራ ባዶ አይቀርም፤ በሌላ ጆንያ ይሞላል፤ ዋጋውም ይጨምራል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክርክር እንለፍ። የተማረው ወገን «ኤሌክትሪክ እየመጣ ነው፤ ኤሌክትሪካችን ደግሞ ከውሃ ስለሚገኝ ንጹሕ ነው፤ ነገሩ በዚህ አለቀ» ይላል። እኛ ኤሌክትሪክን የምንቃወም ሰዎች አይደለንም። ግን «ንጹሕ» የሚለውን ቃል ከመቀበላችን በፊት የውሃውን ሒሳብ ደብተር ገልጠን እንይ።

የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ በጀመረ ጊዜ ለአገሪቱ ታላቅ ብሥራት ነበር። ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ ተሠርቶ 43 ሜጋዋት ያህል ያመነጭ ጀመር። ከሐይቁ በታች የተኛው መሬት ግን ባዶ አልነበረም፤ የሚያርሱበትና የሚያሰማሩበት ሰዎች ተነሥተው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከተራቆተው ከላይኛው አዋሽ የሚወርደው ደለል የሐይቁን ታላቅ ክፍል ሞልቶታል፤ እምቦጭ ገብቶበታል፤ ለዳርቻው ቅርብ በሆኑት መንደሮች የወባ በሽታ ራቅ ካሉት እንደሚበዛም የጤና ተመራማሪዎች ጽፈዋል። የአዲስ አበባን መብራት ያበራው ያ ውሃ ለዳር ነዋሪው ትኩሳት ሆኗል።

ወደ ክፍላችን እንመለስና ጢስ ዓባይን እንመልከት። ጢስ ዓባይ የተባለው ስሙ ራሱ ከፏፏቴው ከሚነሣው የውሃ ጭስ የመጣ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 የመጀመሪያው፣ በ2001 ሁለተኛው የኃይል ማመንጫ ሲሠራ፣ በ2010 ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ ከጣና ሐይቅ ውሃ መውሰድ ሲጀምር፣ ፏፏቴው ከክረምት ውጭ የቀድሞ ግርማውን አጣ። መንገደኛ ከሩቅ አገር ሊያየው የመጣው ጭስ በሽቦ ሄዶ አምፖል ሆኗል። ይህ ልውውጥ ትርፍ ነው የሚል ሰው ይኖራል፤ ምናልባትም እውነቱን ነው። ነገር ግን ለፏፏቴው ጎብኚ ምግብ እየሸጠችና ሙያዋን እያሳየች ትኖር የነበረች ሴት ከልውውጡ ምን እንደ ደረሳት በየትኛው ደብተር ተጽፏል?

የግልገል ጊቤ ሦስተኛ ግድብ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ 1,870 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። የኦሞ ወንዝ በየዓመቱ ሞልቶ እየፈሰሰ ዳርቻውን ያለመልመው ነበር፤ ዳሰነችና ኛንጋቶም፣ ካራና ሙርሲ ጎርፉ ሲሸሽ በቀረው ርጥብ ደለል ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር። ግድቡ ውሃ መያዝ ከጀመረ ወዲህ ያ የጎርፍ ሥርዐት ተቋረጠ። ጎርፉ ለእኛ በካርታ ላይ ያለ ቁጥር ነበር፤ ለእነርሱ ግን የዓመቱ ጎተራ ነበር።

የዓባይንም ግድብ እንናገር። በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ግድብ 5,150 ሜጋዋት ያመነጫል፤ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። ከደመወዙ ቀንሶ፣ ቦንድ ገዝቶ ያሠራው ይህ ሕዝብ ነው፤ የሐርቡም ሰው ከከፈሉት አንዱ ነው። የማንም ምቀኝነት ይህን ክብር አይፍቀውም። ነገር ግን ክብር ከሒሳብ ነጻ አያደርግም። ለሐይቁ ሲባል ከመንደራቸው የተነሡ ጉሙዞች አሉ፤ የሐይቁም ዕድሜ የሚለካው ከደጋው በሚወርደው ደለል ነው። ስለዚህ የከሰሉና የግድቡ ሒሳብ በመጨረሻ አንድ ገጽ ላይ ይገናኛሉ። በዓባይ ተፋሰስ፣ በወሎም በጎጃምም፣ ዳገት በተራቆተ ቁጥር ግድብ ይሞላል። ለምድጃው እንጨት የነፈግነው ዳገት ለተርባይኑ ውሃ ያኖራል፤ ለምድጃው የቆረጥነው ዳገት ደግሞ ለተርባይኑ ጭቃ ይልካል።

ውሃ ሌላም ዕዳ አለበት፤ ሰማይ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በግንቦት 2011 ዓ.ም. በጊቤ ሦስተኛ ግድብ ውሃ በማነሱ ኤሌክትሪክ በፈረቃ እንዲታደል ተደርጎ ነበር። በዚያ ወራት መብራት የጠፋበት ቤት ጦሙን አላደረም፤ ከሰል ገዝቶ አበሰለ። አገር በአንድ ምንጭ ብቻ ሲታመን ድርቁ ሁለት ጊዜ ይመታዋል፤ አንድ ጊዜ በማሳው፣ አንድ ጊዜ በምድጃው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ይህ ነው። የከፍተኛ ኃይል መስመር የሚያልፍባቸው ገጠሮች በሽቦው ጥላ ሥር ኩራዝ ያበራሉ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የተባለው ለዚህ ይመስላል። መብራት የገባለትም ቤት ቢሆን ኤሌክትሪክ አገኘ የሚባለው አምፖል ስለ በራለት ነው። አምፖል ከሰልን አይተካም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ያህል ይስባል፤ በአንድ መንደር ብዙ ቤቶች ባንድ ጊዜ ሲጋግሩ ትራንስፎርመሩ ይጨነቃል። ስለዚህ «ይህን ያህል ቤት መብራት አስገባን» የሚል ሪፖርት ሲነበብ «ስንቱ እንጀራ ጋገረበት?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ግድቡ ታላቅ ሆኖ ምጣዱ በጉልቻ ላይ ከቀረ፣ የሐርቡ ሰው የግድቡን ዋጋ ከፍሎ የከሰሉንም ዋጋ ይከፍላል።

ስለ ነዳጅና ስለ ድንጋይ ከሰል ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ዓለም ራሱ መስክሮባቸዋል። ናፍጣና ነጭ ጋዝ ከባሕር ማዶ በውጭ ምንዛሪ ይመጣሉ፤ ጭሳቸው ግን የአገር ውስጥ ነው። መንግሥትም በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ሲከለክል ይህንኑ ዕዳ አይቶ ነው። የድንጋይ ከሰልን በሚመለከት፣ በእኛው ክፍል በውጫሌ አካባቢ እንደሚገኝ የሥነ ምድር ሰዎች ከመዘገቡ ቆይቷል፤ «ከእግራችን ሥር ያለውን ሀብት ለምን አንቆፍርም?» የሚል ድምፅም አንዳንድ ጊዜ ይሰማል። ለዚህ ድምፅ የሎንዶንን ታሪክ እንመልስለታለን።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በታኅሣሥ 1952 የሎንዶን ከተማ ለአምስት ቀን በድንጋይ ከሰል ጭስና በጉም ታፈነች። በመጀመሪያው ግምት 4,000 ያህል ሰዎች ሞቱ፤ ኋላ የተደረገው ምርመራ ቁጥሩን ወደ 12,000 አደረሰው። እንግሊዞች ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1956፣ የንጹሕ አየር ሕግ አወጡ። ከሕጉ ልንማር የሚገባን ክልከላው ብቻ አይደለም። ጭስ የተከለከለባቸው ሰፈሮች ነዋሪዎች ምድጃቸውን እንዲለውጡ ከወጪው አብዛኛው በመንግሥትና በማዘጋጃ ቤት እንዲከፈል ሕጉ አዘዘ። ከሰል የምታነድደውን ባልቴት በመስደብ ሳይሆን ምድጃዋን በመለወጥ አየሩን አጠሩት። እኛ ከዚህ ሕግ ክልከላውን ብቻ ቀድተን ምድጃውን ብንረሳ ምን ዓይነት ተማሪዎች ነን?

የሚቀረው የነፋስ፣ የፀሐይና የከርሰ ምድር እንፋሎት ነው። በአዳማ ሁለቱ የነፋስ ጣቢያዎች 51ና 153 ሜጋዋት እንዲያመነጩ ተሠርተዋል፤ በአሉቶ ላንጋኖ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1998 ጀምሮ ከምድር እንፋሎት ኃይል ለማውጣት ተሞክሯል፤ የፀሐይ መብራትም በብዙ ገጠር ኩራዝን አባርሯል። እነዚህ ምንጮች ዕዳቸው ትንሽ መሆኑን በደስታ እንመሰክራለን። ትንሽ ነው እንጂ የለም ግን አንልም። የነፋስ ምሰሶ የገበሬ ማሳ ይወስዳል፤ ክንፉ ወፍ ይመታል። የፀሐይ መብራት ባትሪ በጥቂት ዓመት ያልቃል፤ ያለቀው ባትሪ ሰብሳቢ ካጣ በጓሮ ይጣላል፤ ውስጡ ያለው እርሳስና አሲድ ልጆች በሚጫወቱበት አፈር ውስጥ ይሰርጋል። የባትሪውም ማዕድን ከሌላ አገር ሰው ጉድጓድ የወጣ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ሁሉ ዝርዝር በኋላ «ሁሉም አንድ ነው፤ እንግዲያው እንዳለ ይቀጥል» ብለህ እንዳትደመድም። ሁሉም ዕዳ አለበት ማለት ሁሉም እኩል ዕዳ አለበት ማለት አይደለም። ያለ ሒሳብ የሚኖር ሰው ነው ሽልንጉንና መቶ ብሩን የማይለይ። እኛ በሦስት ጥያቄዎች እንመዝናለን። የጠፋው ነገር በአንድ ሰው ዕድሜ ይመለሳልን? ዕዳውን የሚከፍለው የተጠቀመው ሰው ነውን? የሚከፍለውስ ሰው ከመክፈሉ በፊት ተጠይቋልን?

በዚህ ሚዛን ስንመዝነው በአፈር ክምር ውስጥ እየባከነ የሚወጣው ከሰል በሦስቱም ይወድቃል። የድንጋይ ከሰልም እንዲሁ። ግድብ በመካከል ይቆማል፤ ጥቅሙ ታላቅ፣ ዕዳውም ታላቅ ነው፤ የሚጸድቀውም የተነሣው ሰው ሲካስ፣ የታችኛው ወንዝ ድርሻውን ሲያገኝ፣ የላይኛው ዳገት ሲለማ ብቻ ነው። ነፋስና ፀሐይ፣ ባትሪያቸው ከተሰበሰበና ባለ መሬቱ ከተካሰ፣ ሚዛኑን ያልፋሉ። እንጨትም ቢሆን በራሱ የተረገመ አይደለም፤ ተተክሎ የሚቆረጥ፣ በቁጠባ የሚነድ እንጨት ከብዙ ነገር ይሻላል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ ሦስቱም በዐቅማችን ናቸው።

አንደኛ፣ ኬላው ከመጥበቁ በፊት ምድጃው ይለወጥ። ምርጥ የተባለው ከሲሚንቶ የሚሠራው የእንጀራ ምድጃ ከሦስቱ ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ላቀች የተባለውም የከሰል ምድጃ ከሰል ይቆጥባል። እነዚህ የእኛው አገር ሥራዎች ናቸው፤ ከታወቁም ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው ተረት ለወጡ እውነት ይሆን ይሆናል፤ ለማገዶው ግን ሐሰት ነው። ኤሌክትሪክ በገባበት ከተማ ደግሞ ምጣዱን ለመግዛት ዐቅም ላነሰው ቤት በጥቂት በጥቂቱ የሚከፈል ብድር ይዘጋጅለት፤ ትራንስፎርመሩም አምፖል ቈጥሮ ሳይሆን ምጣድ ቈጥሮ ይተከል።

ሁለተኛ፣ ዳገቱ ባለቤት ይኑረው። ኮረብታውን ከልሎ የጠበቀ ቀበሌ ሣሩንም፣ የደረሰውንም እንጨት በሥርዐት እንዲያጭድና እንዲሸጥ መብቱ በጽሑፍ ይረጋገጥለት። ከሰል አክሳዩም ከሕግ ውጭ የሚባረር ሰው መሆኑ ቀርቶ፣ ለዚሁ ከተተከለ ዛፍ በተሻለ ምድጃ ከሰል የሚያወጣ ባለ ሙያ ይሁን። ከውሃው የሚጠቀሙት ከተማዎችና ፋብሪካዎች፣ የኮምቦልቻው ኢንዱስትሪ ፓርክ ሳይቀር፣ ውሃውን ለሚያቈየው ዳገት አንድ ነገር ቢከፍሉ ምጽዋት አይባልም፤ ዕዳ መክፈል ነው።

ሦስተኛ፣ ሒሳቡ በግልጽ ይጻፍ። ማናቸውም የኃይል ሥራ ሲመረቅ ስንት ሜጋዋት እንደሚያመነጭ ይነገራል፤ ከዚያው ሰሌዳ ላይ ስንት ሰው እንደ ተነሣ፣ ምን እንደ ተካሰ፣ ወንዙ ምን እንደ ቀረበት አብሮ ይጻፍ። መምህራን ተማሪዎቻቸውን በቤታቸው በሳምንት የሚነደውን ማገዶ በሚዛን ያስመዝኗቸው፤ ከየት እንደ መጣና ማን እንደ ተሸከመውም ያስጽፏቸው። ከአንድ ትምህርት ቤት አርባ እንዲህ ያሉ ደብተሮች ቢሰበሰቡ ከብዙ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ የበለጠ ዕውቀት ይወጣቸዋል።

ይህን ሁሉ ስንል «ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን። እኛም በጥያቄ እንመልሳለን፤ እስከ ዛሬ ገንዘቡ ከየት ይመጣ ነበር? ከማገዶ ተሸካሚዋ ወገብ፣ ከጋጋሪዋ ዐይን፣ ከኦሞ ዳር ጎተራ፣ ከደጋው ማሳ ፍግ ይመጣ ነበር። ዕዳው ሲከፈል ኖሯል፤ የተከፈለው በብር ስላልሆነ ብቻ አላየነውም።

እንግዲህ በሐርቡ ጎዳና ዳር መኪናችንን ባቆምን ጊዜ፣ ዋጋውን ከመከራከራችን በፊት ያን ጆንያ አንድ ጊዜ ቆም ብለን እንየው። በውስጡ ያለው የጎረቤታችን ዳገት ነው። ገዝተነው ብንሄድ እንኳ፣ በማግሥቱ ስብሰባ ላይ ስንቀመጥ «ደኑን የጨረሰው እርሱ ነው» ከማለት እንቈጠብ። «ደኑን የጨረስነው እርሱ ሻጭ፣ እኛ ገዢ ሆነን ነው፤ አሁን የእኛን ድርሻ ልንከፍል መጥተናል» ብለን እንጀምር። ከዚህ የሚጀምር ስብሰባ ምድጃ ለመለወጥ የሚያስችል ውሳኔ ይዞ ይወጣል፤ ከዚህ የማይጀምር ግን ጭብጨባ ብቻ ይዞ ይበተናል።